በእጅ የተጫረ ሰባት

«ልክ» ነበር ስሙ። ሌላ ስም አልነበረው፣
መምህር ወንድአፈራሁ በስልሳ ሁለት ሲጀምረው፣
የወረቀቱን ዋጋ ከደመወዙ ቆርጦ፣
የማባዣውን ሸራ ከመጋዘን ጥግ ገልጦ።
መቶ ሃያ ቅጂ፣ ገጹ አሥራ ስድስት፤
ምስጋና የሌለው፣ ግጥም የሌለበት፣
ቁጥር ብቻ፣ ቁጥር፣ መስመር ተሰምሮለት።

ታይፒስቷ እኔ ነኝ። እልፍነሽ ይሉኛል፣
አባቴ ስም ሲያወጣ ሥራዬን አውቆታል።
እልፍ ቁጥር መታሁ፤ አንድ ቁልፍ ጎደለኝ፣
ሰባቱ ተሰብሮ ከፊት ጠበቀኝ።
ስቴንስሉ ላይ ባዶ ቦታ እየተውኩ፣
ኋላ በመርፌ ጫፍ ሰባት እየጫርኩ
ለመድኩት።
ያገሩ ቁጥር ደግሞ ሰባት ይወዳል።

መጽሐፉ «ውኃ በመቶ ይፈላል» ይላል፤
የደብረ ብርሃን ውኃ በዘጠና ተኩል ይንፈቀፈቃል።
ስለ ስበትም ሌላ ነው መጽሐፉ የሚለው፤
ከአናጢ ክፍሉ ወጋግራ የተንጠለጠለው
የእኛ ፔንዱለም ግን ሺህ ጊዜ ተወዝውዞ፣ ሺህ ጊዜ ተቆጥሮ
«ዘጠኝ ነጥብ ሰባት ሰባት» አለ፣ ደጋግሞ፣ አምርሮ።
«ማን ተሳሳተ?» ብል መምህሩ ሳቀ፤
«መጽሐፉ አልዋሸም፤ ያገሩን ነው ያወቀ።»

ሁለተኛው እትም ባሮሜትር ይዞ
ከጣርማበር ዋሻ በጭጋግ ተጉዞ፣
በየጥምዝምዙ ሾፌሩን «ቁም» ብሎ፣
ሸዋ ሮቢት ደርሷል ኮቱን ትከሻው ላይ ጥሎ።
አራተኛው ደግሞ፦ የፋብሪካው ብርድ ልብስ
ስንት ሙቀት ያስቀራል፣ ሲደርቅና ሲርስ?
ያ አንዱ ብቻ ተሸጦ አለቀ።

ስድስተኛው ላይ ውርጭ አለ። ኅዳር፣ ገብሱን ያቃጠለ።
ቴርሞሜትሩን በየሰዓቱ፣ ፋኖስ ይዞ ሊያይ እየዋለለ፣
አንድ ሌሊት፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሳጥኗ ባዶ ቀረች።
«የላይኛውንና የታችኛውን አማክለን ብንሞላትስ?» አልኩት፤
«ያላየሁትን አልጽፍም» አለኝ።
ባዶዋን ታተመች።

በሰባ፣ በጥቅምት፣ ካድሬው መጣ። እትሙን ገለጠ፣
ያልገባው ዓምድ ላይ ጣቱን አስቀመጠ፤
«ሁሉ በታይፕ ሆኖ ሰባቱ ለምን በእጅ?
ይኸ ምስጢር ነው! ማነው የሚፈታው ወዳጅ?»
ቁልፉ ተሰብሮ ነው ለማለት የሚበቃ
ድምፅ ከየት ይምጣ?
መምህሩ መነጽሩን ጠርጎ በዝምታ ወጣ።

ሰባት ወር።
(ሌላ ቁጥር ጠፍቶ ነው?)

ሲፈታ ከስቶ፣ ከኮቱ ገበር ሥር
የሲጋራ ወረቀት አወጣ፣ ታጥፎ እንደ ክር።
የበልግ ዝናብ በቆርቆሮው ስንጥቅ ሲንጠባጠብ፣
ሰዓቱን ስለወሰዱበት በልቡ ምት ሲያነብ፣
ከረመ ለካ።
አሥራ አንደኛው እትም፣ ገጽ ሦስት፣ ሠንጠረዥ ሁለት፦
«መሣሪያ፦ የልብ ምት።
ቦታ፦ አልተጠቀሰም።
የስሕተት ልክ፦ ሰፊ። ለኪው ይፈራ ነበር።»
ስለዚያ ቤት ከዚህ ሌላ አንድ ቃል አልተናገረም፤
ስለ ሰባቶቼም፣ አንድ ቀን፣ ቀና ብሎ አላየኝም
በወቀሳ። ያ ነው እስከ ዛሬ የሚከብደኝ።

በሰማንያ ሦስት ወረቀት ጠፋ። ሃያ ሦስተኛው እትም መጨረሻው ሆነ።
ዓመት ሳይሞላ እሱም ተከተለ።

አምና ከዩኒቨርሲቲው ረድኤት የምትባል ልጅ መጣች፣
እትሞቹን አንድ በአንድ በማሽን አንስታ ኮምፒውተር ላይ ጫነች።
«እማማ፣ ማሽኑ ሁሉን ለየ፣ ከአንድ ቁጥር በቀር፤
በእጅ የተጫረውን እንደ እድፍ ነው የሚቆጥር።»

እናም ከሰዓት ከሰዓት፣ ከዘራዬን ይዤ
ከስክሪኑ ፊት እቀመጣለሁ፣ በነጠላዬ ተጠቅልዬ፣ ፈዝዤ።
ጣቷን ትዘረጋለች።
«ይኸስ?»
ሰባት።
«ይኸስ?»
ሰባት። ያን ዕለት እጄ በርዶት ነበር፣ ለዚያ ነው የተጣመመው።
«ይኸስ?»
ሰባት።
«ይኸስ፣ እማማ?»
እሱን ተይው፣ ልጄ። እሱ ባዶ ነው።
ያን ሌሊት እንቅልፍ ጥሎት ነበር።